ሲሶ ለከሳሽ

እኛ ደሴ ውስጥ ሰው ሲወድቅ አናይም። ፊታችንን ወደ ጦሳ ተራራ አዙረን «አላፊ ነኝ» እንላለን፤ ጮክ ብለን፣ ጆሮው እንዲሰማን። ጆሮ የምንለው በየመብራት ምሰሶው ላይ የተሰቀለችውን ግራጫ ነገር ነው። የመንግሥት ወረቀት ላይ ረጅም ስም አላት፤ ግን ማን በዚያ ይጠራታል! ልጆቻችን «እማዬ» ካሉ በኋላ የሚማሩት ቃል «አላፊ ነኝ» ነው ብል ብዙም አላጋነንኩም።

ማዕድ ላይ «በሞቴ» ማለት ቀርቷል። ሰው ሲያጎርሱ «ጉረስ» ነው፣ በቃ። እንግዳው እምቢ ካለ እጅን መመለስ ነው። ለቅሶ ቤትም «ምነው እኔን ባስቀደመኝ» የሚል የለም። አልቃሹ ስለ ሟቹ ደግነት ያወራል እንጂ ስለ ራሱ አንድ ቃል አይወጣውም። አያቶቻችን በቀን መቶ ጊዜ ይሞቱ ነበር አሉ፤ አፈር ስሆን፣ ልሙትልህ፣ እኔን ይድፋኝ እያሉ፣ ለወጪ ለወራጁ ሁሉ። እኛ የምንሞተው አንዴ ነው፤ እሱንም ድምፃችንን አጥፍተን።

ዘምዘም ይማም እባላለሁ። ሰኞ ገበያ ከታናሽ እህቴ ከመዲና ጋር ልብስ እጠግናለሁ። የመዲና ባል ሞቷል፤ ሩቅያ የምትባል አራት ዓመት የሆናት ልጅ ትቶላታል። ሦስታችን አንድ ቤት ነን። እኔ አልወለድኩም፤ ሩቅያ ግን ሁለታችንንም «እማ» ነው የምትለን፣ ማንኛችንን እንደምትጠራ እሷ ታውቃለች።

ነገሩ እንዲገባችሁ ስለ ማስመለሻ ላውራ። ሙሉ ስሙ የሕዝብ ጉዳት ማስመለሻ ባለሥልጣን ነው። ሰው ሲጎዳ መንግሥት ያሳክማል፤ ያሳከመበትን ደግሞ ከጎጂው ያስመልሳል። እስከዚህ ድረስ ማንም ክፉ ነገር አላየበትም። ያለው በገንዘቡ ይመልሳል፣ የሌለው በጉልበቱ። ኋላ ላይ ባለሥልጣኑ የራሱ ጠበቆች አልበቃ አሉትና ከውጭ ቀጠረ። ደመወዝ አይከፍላቸውም። ከረቱ ካስመለሱት ላይ ሲሶውን ይወስዳሉ፣ ካልረቱ ባዶ እጃቸውን ይሄዳሉ። «መንግሥትን አንድ ሳንቲም አያስወጣውም» ተባለ፤ እውነትም አላስወጣውም። ገንዘብ ከሌለው ሰው ላይ ሲሶ የሚወሰደው ከዕድሜው ነው። ጥንት «ሲሶ ለነጋሽ፣ ሲሶ ለቀዳሽ፣ ሲሶ ለአራሽ» ይባል ነበር። የኛ ሰፈር ሰው ይህን ገልብጦ «ሁለት እጅ ለነጋሽ፣ ሲሶ ለከሳሽ» ይላል። አራሹስ ሲባል «አራሹማ ራሱ ነው የሚታረሰው» ይላሉ፤ እንስቃለንም።

ሕዝቡ አንድ ሰሞን ስላጉረመረመ ደንብ ወጣ። የሲሶ ጠበቃ ከሲሶ በላይ አይወስድም። የመጨረሻው ቃል የመንግሥት ጠበቃ ነው። ተከሳሽ ከፈለገ የሲሶ ጠበቃውን ዘሎ በቀጥታ የመንግሥቱን ጠበቃ ማነጋገር ይችላል። ይህ በየቀበሌው ተለጠፈ፤ ሰውም አነበበና ደስ አለው። ከዚያ በኋላ ግን መንግሥት ጠበቃ ዘንድ ሄድኩ የሚል አንድ ሰው አላጋጠመኝም። ሥራ አለና፣ ልጅ አለና፣ ደግሞስ መንግሥትን በቀጥታ ማን ያነጋግራል!

መዲና አፏ ከልቧ አይዘገይም። ቤት ውስጥ መስኮት ዘግተን ሳለ መርፌ ሲወጋኝ «እኔን!» ትላለች።

«አንቺ ልጅ፣ ይሄ አፍሽ አንድ ቀን ጉድ ያደርገናል» እላታለሁ።

«ምን ላድርግ እትዬ፣ ይቀድመኛል» ትላለች።

የቀደማት ቀን ወደ ሮቢት በሚያወጣው ተንቀሳቃሽ ደረጃ ላይ ቆመን ነበር፤ ሩቅያን መሀል አድርገን። ከፊታችን አንድ ሽማግሌ ከዘራቸውን ተደግፈው ቆመዋል። ደረጃው እንደ ልማዱ ነጠቅ አደረገና ቀጥ አለ። ሽማግሌው በጀርባቸው መጡ። ከላይ ያለውም ከታች ያለውም ሰው በአንድ አፍ «አላፊ ነኝ! አላፊ ነኝ!» አለ። እኔም ብያለሁ፣ ወላሂ፤ አፌ የለመደውን አለ። መዲና ብቻ ሩቅያን ለእኔ ወርውራ ሽማግሌው ላይ ተደፋች።

«እኔን! እኔን አባቴ! እኔ ልሰበርልዎ!»

ጭንቅላታቸውን አንስታ ጭኗ ላይ አደረገችው፤ በነጠላዋ ደሙን ትጠርጋለች። ዳሌያቸው ወልቆ እግራቸው ወደ ማይሆን አቅጣጫ ዞሯል። እንዲያም ሆነው ዓይናቸውን ገልጠው አዩዋትና «ተይ ልጄ፣ ጆሮው ይሰማሻል» አሏት። እሷ ግን አልተወችም፤ አምቡላንስ እስኪመጣ ድረስ «እኔን» እንዳለች ነበር።

የሲሶ ጠበቃው በሳምንቱ ቤታችን መጣ። አቤኔዘር ይባላል፤ ገና ወጣት ነው። እኔ ዓይነ ደረቅ ሰው ነበር የጠበቅኩት። እሱ ጫማውን በር ላይ አወለቀ፣ «እንደምን ዋላችሁ» አለ፣ ሩቅያን ግንባሯን ሳማት። ከተቀመጠ በኋላ የእህቴን ድምፅ አሰማን። ቤታችን ውስጥ «እኔን! እኔን አባቴ!» ሲል ሩቅያ ሮጣ እናቷ ጉያ ገባች።

«ድምፁ ያንቺ ነው እህቴ?»

«የእኔ ነው» አለች መዲና።

«ጥሩ። ሽማግሌውን አንቺ ጣልሻቸው ብለን አንከስም፤ ያ ውሸት ይሆናል። ግን የደረሰባቸውን ጉዳት በቃልሽ ተረክበሻል። ‹እኔን› ማለት እሳቸውን ትቶ እኔን ያግኘኝ ማለት ነው። ‹ልሰበርልዎ› ያልሽው ደግሞ ማብራሪያም አያስፈልገው፤ በእርስዎ ፈንታ እኔ ብለሻል። ሕጉ ርክክብ ይለዋል።»

ደሜ ፈላ። «አንተ ልጅ፣ እናት የለህም? ስትወድቅ እናትህ ‹እኔን› ብላህ አታውቅም?»

«ብላኛለች» አለ፣ ምንም ሳይቆጣ። «ብዙ ጊዜ ብላኛለች። ደግነቱ ያኔ ጆሮ አልነበረም።»

«ታዲያ ትርጉሙን እያወቅክ!»

«አውቃለሁ እትዬ። እዚህ አገር የተወለደ ሁሉ ያውቃል። ክሱ ግን የሚያየው የተባለውን ነው፤ ለማለት የተፈለገውን አይደለም።»

«ደረጃውስ? ደረጃው አይደለም እንዴ የጣላቸው?»

«ደረጃው የመንግሥት ነው» አለኝ። «መንግሥት መንግሥትን ቢከስ ሲሶው ከማን ላይ ይገኛል?»

ይህን ያለው ለማሾፍ አልነበረም፤ እንደ ማንኛውም ሥራውን እንደሚያውቅ ሰው ነበር የመለሰልኝ።

ፍርዱ ሦስት ዓመት ጉልበት ሆነ። ሁለቱ የመንግሥት፣ አንዱ የእነ አቤኔዘር። ፋይሉ አንድ ስለሆነ ሦስቱም ዓመት የሚሠራው በመንግሥት ጥበቃ ሥር፣ እዚሁ ጦሳ ላይ ነው፤ እርከን መሥራት። ሐሙስ ማታ ይለቋቸዋል፣ ጁምዓን ቤታቸው ውለው ቅዳሜ ጠዋት ይመለሳሉ። የጎረቤታችን ልጅ ሠርቶ ወጥቷል፤ እጁ ከመሻከሩ በቀር ምንም አልሆነም። ለእኔ ግን ሦስት ዓመት ሦስት ዓመት ነው። ሩቅያ ትምህርት ቤት ስትገባ፣ ጥርሷ ሲወልቅ፣ እናቷ ተራራ ላይ ድንጋይ ትክባለች ማለት ነው።

ፍርዱን ሊነግረን የመጣ ቀን አቤኔዘር ጫማውን እያሰረ «አንድ ነገር ልንገራችሁ፣ ደንቡም ያስገድደኛል» አለ። «ከእኔ ጋር መነጋገር ካልፈለጋችሁ የመንግሥቱ ጠበቃ አሉ፤ አቶ ፈንታው። የመጨረሻው ቃል የእሳቸው ነው። በቀጥታ ሂዱና ለምኗቸው፤ ደግ ሰው ናቸው።»

ተቃዋሚያችን መንገድ ሲያሳየን እንኳን አልጠረጠርኩም። ደንቡ ነው ያለው፣ ደንቡ ነዋ!

መዲና «ተይው እትዬ፣ ሦስት ዓመት ያልፋል፤ አላህ ያውቃል» አለችኝ። እኔ ግን በማግስቱ ነጠላዬን አጣፍቼ ሄድኩ።

የባለሥልጣኑ ሕንፃ ውስጥ ማንም አላስቆመኝም። ጠባቂ የለ፣ ወረፋ የለ። የአቶ ፈንታው ክፍል በር ላይ «ለተከሳሾች ክፍት ነው» የሚል ተጽፏል። ገብቼ ሳይ አንድ ፀጉራቸው የነጣ ሰው መዳፋቸውን በጠረጴዛው መስታወት ላይ ያሳርፋሉ፣ ያነሳሉ፤ ያሳርፋሉ፣ ያነሳሉ። መዳፋቸው ባረፈ ቁጥር የአንድ ሰው ጉዳይ ያልፋል። ሌላ የሚሠሩት ነገር የለም። ለእንግዳ የተቀመጠው ወንበር አቧራ ለብሷል።

«ተሳስተሽ ነው ልጄ? መዝገብ ክፍሉ ምድር ቤት ነው» አሉኝ።

«አልተሳሳትኩም፤ እርስዎን ነው የምፈልገው። ደንቡ ይፈቅድልኛል።»

መዳፋቸው አየር ላይ ቀረ። «ደንቡ» አሉ። «ደንቡ ከወጣ ወዲህ እዚህ የመጣሽው አንቺ ብቻ ነሽ።» ከዚያ ወንበሩን በመሀረባቸው ጠርገው አስቀመጡኝ።

ሁሉንም ነገርኳቸው። ሽማግሌውን፣ ደረጃውን፣ ሩቅያን። ራሳቸውን እየነቀነቁ ሰሙኝና «ያሳዝናል፤ ግን ርክክቡ ግልጽ ነው፣ ጠበቃው በሥርዓት ነው ያቀረበው» አሉ። መዳፋቸውን ወደ መስታወቱ ሲመልሱ የመዲና ሦስት ዓመት እዚያ ሥር ያለ መሰለኝ። ከዚያ በኋላ ያልኩትን አስቤ አላልኩትም። ከወንበሩ ወርጄ ጉልበታቸውን ያዝኩ።

«አፈር ስሆን ጋሽ ፈንታው! በሞቴ! እኔ ልሙትልዎ፣ ልጅቷን ይተዉልኝ!»

«ዝም በይ!» አሉና ወደ ጣሪያው ጠቆሙ። «እዚህም እኮ አለ!»

«ይስማ! ይስማና ይረከበኝ! በሞቴ አባቴ፣ በሞቴ!»

ቀና ብዬ ሳይ አቶ ፈንታው ያለቅሳሉ። ድምፅ የለውም፤ እንባው በጉንጫቸው ይወርዳል እንጂ። «እናቴ ነበረች እንዲህ የምትለኝ» አሉ። «‹በሞቴ ብላ› ስትለኝ ጠግቤም እበላ ነበር። ይህን ቃል ሰው ለእኔ ብሎ ካወጣው ስንት ዘመኑ!»

የመዲናን ፋይል አወጡ። መንግሥት በመዲና ይማም ላይ ያለውን ድርሻ ሙሉ በሙሉ ትቷል ብለው ጮክ ብለው ተናገሩና መዳፋቸውን አሳረፉ። ፋይሉ ተዘጋ።

«የእነሱስ ሲሶ?» አልኳቸው።

«ሲሶ ማለት የሙሉው ሲሶ ነው ልጄ። ሙሉው ከሌለ ሲሶ ከየት ይመጣል? ሂጂ፣ እህትሽን እቀፊያት።»

ጉልበታቸውን ስሜ ወጣሁ። ቁልቁለቱን በሩጫ ነው የወረድኩት። መዲና ስነግራት መጀመሪያ አላመነችም፤ ኋላ ሩቅያን አንስታ ቤቱን ዞረች፣ ስፌት መኪናው ላይ ወጥታ ልትጨፍርም ምንም አልቀራት። የዚያን ቀን ምሳ ላይ በሹክሹክታ «በሞቴ» እያለች ሦስቴ አጎረሰችኝ።

እኔ ደግሞ ደስታ አፍ አይዘጋ፣ ሰኞ ገበያን በሙሉ አዳረስኩት። ጨርቅ የሚያመጣ ደንበኛ ሁሉ ወሬውን ሳይሰማ አልወጣም። ልጇ የተፈረደበት አለች፣ ባሏ የፍርድ ቀን የሚጠብቅ አለች። «አቶ ፈንታው ዘንድ ሂዱ» አልኳቸው። «ዝም ብላችሁ አልቅሱባቸው። እንደሳቸው ያለ ሰው አልቀረም። እኔ ለምኜ አግኝቻለሁ።»

አንድ ጠዋት በራችን ተንኳኳ። አቤኔዘር ነው። ከኋላው አንድ ዓይነት ካፖርት የለበሱ ሁለት ሴቶች ቆመዋል፤ ከእነሱ በስተጀርባ መስኮት የሌላት መኪና አለች። ዛሬ ጫማውን አላወለቀም።

«እህቴ መዲና፣ የምትቀይሪውን ልብስ ያዢና ውጪ» አለ።

«ምን ብለህ!» አልኩ በሩ ላይ ቆሜ። «አቶ ፈንታው ትተውላታል! ፋይሉ ተዘግቷል!»

«ትተዋል፤ ደርሶናል። የተዉት የመንግሥትን ድርሻ ነው። የእኛን ሲሶ መንግሥት አልሰጠንም፣ በውላችን ነው ያገኘነው፤ ስለዚህ መንግሥት ሊተወው አይችልም።»

ቶሎ አሰብኩ። ሲሶው አንድ ዓመት ነው። ከሦስት አንድ ይሻላል፣ ይሁን፣ አልሀምዱሊላህ። «እሺ፣ አንድ ዓመቷን ጦሳ ላይ ትሥራ» አልኩት። «ሐሙስ ሐሙስ እኔ መጥቼ እወስዳታለሁ።»

«ጦሳ የመንግሥት ነው እትዬ። የመንግሥት ፋይል የሌለው ሰው እዚያ አይገባም። ወደ ራሳችን ሥራ ነው የምንወስዳት።»

«የት ነው እሱ?»

«የት እንደሆነ የመናገር ግዴታ የለብንም። ሐሙስ መልቀቅ፣ ጠያቂ ማስገባት፣ ይህ ሁሉ የመንግሥት ድርሻ ላይ ያለ ደንብ ነው።»

«እሺ መቼ ትመልሷታላችሁ? ዓመት ሲሞላ ስንት ቀን ላይ ልምጣ?»

እዚህ ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ ዓይኑን ከዓይኔ ላይ አነሳ። «ሦስት ዓመት የሚለው የተጻፈው መንግሥት ፋይል ላይ ነበር» አለ። «አንዱን ዓመት ያገኘነው ከዚያ ላይ ሲሶ አውጥተን ነው። አሁን ፋይሉ ተዘግቷል። እኛ ጋ ያለው ‹ሲሶ› የሚል ቃል ብቻ ነው፤ የስንት ሲሶ እንደሆነ የተጻፈ የለም።»

«እና?»

«እና መጨረሻ የለውም ማለት ነው። በቃን እስክንል ድረስ።»

መዲና ከኋላዬ ሆና ሁሉንም ሰምታለች። ሁለት ቀሚስ በፌስታል አደረገች፣ የሩቅያን ፀጉር እንደ ወትሮው በሁለት ጎነጎነችላት፤ ሴቶቹም እስክትጨርስ ጠበቋት። ሩቅያን ስትሰጠኝ «አብሽሪ እትዬ፣ ለእኔ ብለሽ ነው» አለችኝ። እሱን ባትለኝ ይሻለኝ ነበር። የመኪናው በር ሲዘጋ ልጅቷ «እማ!» አለች፤ ማንኛችንን እንደሆነ ያን ጊዜ እኔም አወቅሁ።

ሩቅያን ለጎረቤት ሰጥቼ ወደ አቶ ፈንታው በረርኩ። መንገድ ላይ ሰዎች ያዩኛል፤ ነጠላዬ የት እንደወደቀ አላውቅም። ሕንፃው ደረጃ ላይ ሰው ተሰብስቧል፣ እየገፋሁ አለፍኩት። አቶ ፈንታው ሲያዩኝ ፊታቸው በራ፤ የምሥራች የያዝኩ መስሏቸዋል።

«ወሰዷት!» አልኩ። «መልሰው ይክፈቱት! ፋይሉን ይክፈቱት! ድርሻዎን መልሰው ይውሰዱ!»

ነገርኳቸው። አንድ በአንድ ስነግራቸው ፊታቸው ደም አጣ። መስታወቱን በመዳፋቸው መቱት፤ በሌላኛውም መቱት። ምንም የለም። «የተተወ መብት አይመለስም» አሉ፣ ለእኔ ይሁን ለራሳቸው እንጃ። «እኔ... ሙሉው ከሌለ ሲሶ የለም ብዬ...»

ሰው መንግሥት ዘንድ ሄዶ ልቀቁልኝ ይላል። እኔ ወለሉ ላይ ተደፍቼ እሰሩልኝ አልኩ። «ሦስቱንም ዓመት ውሰዱ፤ ስድስት አድርጉት፣ አሥር አድርጉት! ድንጋይ ትካብ፣ ጦሳ ላይ ትሙት፣ ከደጄ ሆኜ ተራራውን ልየው ብቻ!» ያላወጣሁት ስድብ አልቀረም፤ እሳቸውንም ሰደብኳቸው፣ ደግነታቸውንም ሰደብኩት። እጃቸውን ዘርግተው ሊያነሱኝ ሞከሩና አቃታቸው። ሁለታችንም ወለሉ ላይ ቁጭ ብለን ቀረን።

በመጨረሻ በሩን ከፍቼ ስወጣ ደረጃው ላይ ያለው ሰው ማን እንደሆነ ገና አስተዋልኩ። የሰኞ ገበያ ሴቶች ናቸው። ሽንኩርት ነጋዴዋ አለች፣ ቅቤ የምትሸጠው አለች፣ ልጆች ያዘሉ አሉ። እስከ ታች በር ድረስ ተሰልፈዋል። ሁሉም ነጠላቸውን አጣፍተዋል።

«ተመለሱ!» አልኩ። «ለአላህ ብላችሁ ተመለሱ! ምሕረቱን እንዳትቀበሉ! ሦስቱን ዓመት ይሥሩ፣ ይሻላል!»

ከፊት የቆመችው ሽንኩርት ነጋዴዋ ወይዘሮ አስካል ናት፤ ልጇ ጦሳ ላይ ነው። ከእግሬ እስከ ራሴ አየችኝ።

«ወይ አንቺ ሴት!» አለችኝ። «የራስሽን ነጻ አወጣሽና የእኛን ልትከለክይ ነው?»

በትከሻዋ ገፍታኝ ገባች።